ሜሞሪውን የሚለቀው ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የጥቂት ሰዎች ሙያ ብቻ ይመስላል። ይኸውም የኔትወርክ ካርድን በሚያዝ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ማለት በድራይቨር ውስጥ፣ ለካርዱ ሥራ የተወሰደውን ሜሞሪ የመልቀቅ ኃላፊነት የማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። ነገር ግን ቀረብ ብለን ስንመረምረው «የተወሰደውን ዕቃ ማን ይመልስ» ከሚለው ከጥንቱ ጥያቄ የተለየ ሆኖ አናገኘውም። ስለዚህ የሕግና የታሪክ ተማሪዎች የሆናችሁም በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ፤ ከሙያው ቋንቋ የማመጣው ጥቂት ነው፤ እርሱንም በየቦታው እፈታዋለሁ። ዓመታትን የምጠራው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት እጀምራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር እኔና አንድ ጓደኛዬ ለመመረቂያ ሥራችን በሊኑክስ ላይ የሚሠራ አንድ ትንሽ የኔትወርክ ድራይቨር ጻፍን። ሥራውን በእኩል ተካፈልን። እርሱ ድራይቨሩ ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባና ሲወጣ የሚሠራውን ክፍል፣ ካርዱንም የሚከፍተውን ክፍል ወሰደ። እኔ የመላኩን፣ የመቀበሉንና ካርዱን የመዝጋቱን ክፍል ወሰድኩ። ስንካፈል የተነጋገርነው ስለ ኮዱ ርዝመት እንጂ ስለ ሜሞሪው አልነበረም። ካርዱ ሲከፈት ሜሞሪ የሚወስደው የእርሱ ክፍል ስለ ሆነ፣ እኔ «የወሰደው ሰው ድራይቨሩ ሲወጣ ይለቀዋል» ብዬ ተውኩት። እርሱ ደግሞ «የሚዘጋው ሰው ሲዘጋ ይለቀዋል» ብሎ ተወው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ካርዱ ለሚቀበላቸው ፓኬቶች 256 ቦታ አዘጋጅተን ነበር። ለእያንዳንዱ ቦታ 16 ባይት የሆነ መግለጫና 2,048 ባይት የሆነ ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል፤ ጠቅላላው 528,384 ባይት ነው። ካርዱ በተከፈተ ቁጥር ይህን ያህል ይወሰዳል፤ በተዘጋ ቁጥር ግን አንዲት ባይት አትመለስም። ለአንድ ጊዜ ሲታይ ኢምንት ነው። ነገር ግን ካርዱን እየከፈተና እየዘጋ የሚፈትን ፕሮግራም ስለ ነበረን፣ 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ የነበረው የላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ከስምንት ሺህ ጥቂት በሚያልፍ ዙር ሜሞሪው ሁሉ ሊያልቅበት ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ፣ ወይም ተበላሽቶ ሲቆም፣ የያዘውን ሜሞሪ የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ የሆነው ከርነል መልሶ ይሰበስባል። ድራይቨር ግን የሚሠራው በራሱ በከርነሉ ውስጥ ነው። አስተዳዳሪው ራሱ የጣለውን ከኋላው እየተከተለ የሚያነሣለት ሌላ አስተዳዳሪ የለም። በከርነል ውስጥ የጠፋ ሜሞሪ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ እንደ ጠፋ ይቀራል።

ችግሩን በአንድ ቀን፣ በየፊናችን አየነው። በዚያው ሌሊት እኔ በመዝጊያው ክፍል መልቀቂያ ጨመርኩ፤ እርሱም በማውጫው ክፍል መልቀቂያ ጨመረ፤ አንዳችን ለሌላው አልነገርንም። አበው «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ለብዙ ነገር እውነት ነው፤ ለዚህ ነገር ግን አልሠራም። በማግሥቱ ጧት ካርዱ ሲዘጋ ሜሞሪው ተለቀቀ፤ ድራይቨሩ ሲወጣ ያው ሜሞሪ ለሁለተኛ ጊዜ ተለቀቀ፤ በመካከሉ ግን ያ ስፍራ ለሌላ ሥራ ተሰጥቶ ነበር። ከርነሉ ወዲያው ቆመ። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ አንዲት እኅታችን ለጽሑፏ የሚያስፈልጋትን ስሌት ከማታ ጀምራ ታሠራ ነበር፤ የ11 ሰዓት ሥራ ጠፋባት።

እንግዲህ ሁለታችንም ሰነፎች አልነበርንም። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለታችንም ስለ ተማመንን ጠፋ፤ በሁለተኛው ጊዜ ሁለታችንም ስለ ተጋን ጠፋ። ከዚህ የተማርኩትና ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። ሜሞሪን የመልቀቅ ጉዳይ የትጋት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የርክክብ ጉዳይ ነው። በየትኛውም ሰዓት ባለቤቱ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ ባለቤትነቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትም ቅጽበት በግልጽ የታወቀ መሆን አለበት። በመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 የሚፈረመው ሰው ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ዕቃው በማን እጅ እንዳለ ከመገመት ይልቅ ማወቅ ስለሚሻል ነው።

ይህን በሦስት ምሳሌ ላስረዳ።

አንደኛው ምሳሌ የሚላክ ፓኬት ነው። አንድ ፕሮግራም መልእክት ሲልክ የከርነሉ የላይኛው ክፍል ፓኬቱን አዘጋጅቶ ለድራይቨሩ የመላኪያ ክፍል ያቀርብለታል። ድራይቨሩ ሊመልሳቸው ከሚችላቸው መልሶች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ «ተቀብያለሁ» ነው፤ ሌላው «ቦታ የለኝም» ነው። በሊኑክስ ደንብ ድራይቨሩ «ተቀብያለሁ» ካለበት ቅጽበት ጀምሮ ፓኬቱ የድራይቨሩ ነው። ልብ አድርጉ፤ «ተቀብያለሁ» ማለት «ልኬዋለሁ» ማለት አይደለም፤ «ከእንግዲህ ኃላፊው እኔ ነኝ» ማለት ነው። ፓኬቱ በደኅና ቢሄድ፣ ካርዱ ቢበላሽ፣ ወይም ድራይቨሩ ራሱ ሊጥለው ቢወስን፣ ሜሞሪውን የሚለቀው ድራይቨሩ ነው። «ቦታ የለኝም» ካለ ግን ርክክቡ አልተፈጸመም፤ ፓኬቱ የላይኛው ክፍል እንደ ሆነ ይቀራል፤ ድራይቨሩ ሊለቀው አይገባም፤ ባለቤቱ ቆይቶ እንደገና ያቀርበዋልና።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይወለዳል። ድራይቨሩ «ተቀብያለሁ» ብሎ፣ ፓኬቱን ጥሎ፣ ሜሞሪውን ካልለቀቀ ይፈስሳል። ለአንድ ፓኬት 2,048 ባይት ብንቆጥርና በሴኮንድ 1,000 ፓኬት እንዲህ ቢጠፋ፣ አንድ ቢሊዮን ባይት በ488 ሴኮንድ ያልቃል፤ ስምንት ደቂቃ ጥቂት ማለት ነው። በተቃራኒው ፓኬቱን ለቅቆ «ቦታ የለኝም» ካለ ደግሞ፣ የላይኛው ክፍል የሌላ ሰው የሆነውን ስፍራ እንደ ራሱ ፓኬት ቆጥሮ እንደገና ይልከዋል። የመጀመሪያው ስሕተት ኮምፒዩተሩን ቀስ እያለ ያስርበዋል፤ ሁለተኛው ያሳብደዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ካርዱ ራሱ ነው። እስካሁን የተነጋገርነው በሶፍትዌርና በሶፍትዌር መካከል ስላለው ርክክብ ነው። የኔትወርክ ካርድ ግን ዲ.ኤም.ኤ. በሚባለው መንገድ ዋናውን ማቀናበሪያ ሳይጠይቅ በቀጥታ ከሜሞሪ ያነባል፤ ወደ ሜሞሪም ይጽፋል። ስለዚህ ካርዱም ራሱ ተረካቢ ነው፤ ያውም ኮዳችንን የማያነብ ተረካቢ።

የካርድ ሠሪዎች ይህን ቀድመው የተረዱት ይመስላል። ላንስ የሚባለው የኤ.ኤም.ዲ. አሮጌ የኢተርኔት ቺፕ፣ ከእርሱም በኋላ የመጡት የሪልቴክ የጊጋቢት ካርዶች፣ በእያንዳንዱ መግለጫ ውስጥ ባለቤትነትን የምታሳይ አንዲት ቢት አላቸው። ይህች ቢት 1 ከሆነች ቦታው የካርዱ ነው፤ ድራይቨሩ ሊነካው አይገባም። 0 ከሆነች ቦታው የድራይቨሩ ነው፤ ካርዱ አይነካውም። በዓለም ላይ ከዚህች ቢት ያጠረ የርክክብ ሰነድ ያለ አይመስለኝም። ድራይቨሩ አድራሻውንና ርዝመቱን አስቀድሞ ጽፎ፣ ቢቷን በመጨረሻ መገልበጥ አለበት። ማቀናበሪያው ጽሕፈቶቹን ቅደም ተከተላቸውን ለውጦ እንዳያሳይበት በመካከሉ ማገጃ ያኖራል። ፊርማው ከዝርዝሩ በፊት ከተፈረመ ካርዱ ባልተሞላ ሰነድ ላይ ይሠራል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የመዝጊያው ሰዓት ነው። አንድ ድራይቨር ሲዘጋ ሥራው በተራ መሄድ አለበት። በመጀመሪያ የላይኛው ክፍል አዲስ ፓኬት እንዳያቀርብ ማስቆም፤ ቀጥሎ ካርዱ መላክና መቀበሉን፣ ኢንተራፕት ማንሣቱንም እንዲያቆም ማዘዝና በእርግጥ መቆሙን ማረጋገጥ፤ ቀጥሎ ካርዱ ወደ ሜሞሪው የሚደርስበትን የአድራሻ ፈቃድ ማንሣት፤ ከዚያ በኋላ ማጠራቀሚያዎቹን፣ በመጨረሻም መግለጫዎቹን መልቀቅ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ካርዱ ሳይቆም ሜሞሪውን የለቀቀ ሰው የፈሰሰውን እንኳ መልቀም አይችልም። ካርዱ ከሽቦው የመጣለትን ፓኬት በለመደው ስፍራ መጻፉን ይቀጥላል፤ ያ ስፍራ ግን አሁን የሌላ ሰው ፋይል ያለበት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ሰው ፋይሉን ከፍቶ የማያውቀውን ነገር ቢያገኝበት ጥፋቱ ከኔትወርክ ካርድ መጣ ብሎ ማን ይጠረጥራል? የአድራሻ ፈቃድን የሚቆጣጠር አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. የሚባል መሣሪያ አለ፤ ፈቃዱ ከተነሣ በኋላ የሚጽፈውን ካርድ ያግደዋል። ነገር ግን በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ የለም፤ ያለበትም ቦታ ሁልጊዜ አይበራም።

ሦስተኛው ምሳሌ የካርዱ መዝገብ ነው። ከርነሉ ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ አንድ መዝገብ በሜሞሪ ይይዛል፤ ስሙ፣ አድራሻው፣ የላከውና የተቀበለው ቁጥር፣ እንደዚሁም የድራይቨሩ የግል ንብረት ሁሉ በእርሱ ውስጥ ወይም በእርሱ ሥር ይገኛል። ይህን መዝገብ ድራይቨሩ ብቻ አይደለም የሚጠቀምበት፤ የመንገድ ሠንጠረዡም፣ ሌሎችም የከርነሉ ክፍሎች ይይዙታል። ስለዚህ ስንት እጅ እንደያዘው ይቆጠራል፤ የመጨረሻው እጅ ሳይለቅቅ መዝገቡ አይፈርስም። አንዱ መልቀቁን ከረሳ ከርነሉ «መዝገቡ ነፃ እስኪሆን እየጠበቅሁ ነው» የሚል ማስታወቂያ እየደጋገመ ይጽፋል።

በዚህ መዝገብ ላይ ለብዙ ጊዜ አንድ የተሰወረ ጉድለት ነበር። ድራይቨሩ በመዝገቡ ላይ አንድ የማፍረሻ ሥራ ማስመዝገብ ይችል ነበር። ያ ሥራ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት ያደርጋል፤ የድራይቨሩን የግል ሜሞሪ ይለቅቃል፤ መዝገቡንም ራሱን ይለቅቃል። ሁሉ በደኅና ሲሄድ ምንም ችግር የለም። ነገር ግን ካርዱን የማስመዝገቡ ሥራ በመካከል ቢከሽፍስ? ከርነሉ የማፍረሻውን ሥራ ቢጠራው መዝገቡ ይለቀቃል፤ ያስመዘገበውም ክፍል እንደ ልማዱ «ከሽፏልና መዝገቤን ልልቀቅ» ሲል ሁለት ጊዜ ይለቀቃል። ባይጠራው ደግሞ የግል ሜሞሪው ይፈስሳል። እንግዲህ የእኔና የጓደኛዬ ታሪክ በታላላቆቹ ሰዎች ኮድ ውስጥ ተጽፎ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

በ2017 የሊኑክስ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ የነበረው ዴቪድ ሚለር ይህን አስተካከለ። መፍትሔው ኃላፊነቱን ለሁለት መክፈል ነበር። የግል ሜሞሪውን የሚለቅቅ ሥራ ለብቻው ሆነ፤ «መዝገቡን በመጨረሻ ከርነሉ ራሱ ይልቀቀው ወይስ አይልቀቀው» የሚለው ደግሞ በአንዲት የአዎን ወይም የአይደለም ምልክት ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ማስመዝገቡ ሲከሽፍ ከርነሉ የግል ሜሞሪውን ይለቅቃል፤ መዝገቡን ያስመዘገበው ክፍል ይለቅቃል። ያስተካከለው ሰው ተጨማሪ ብልሃት አልፈጠረም፤ የማን ድርሻ ምን እንደሆነ ለየ እንጂ። በ2021 ደግሞ የዚህን መዝገብ ዕድሜ ከልደቱ እስከ ሞቱ የሚያስረዳ ጽሑፍ በከርነሉ ሰነዶች ውስጥ ገባ። ሊኑክስ የተጀመረው በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ፣ በ21 ዓመት ተማሪ እጅ መሆኑን ስናስብ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ ርክክብን አጥርቶ መጻፍ እንደሚያስፈልግ እንረዳለን።

አሁን ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ «ይህን ሁሉ ድካም ለሰው ከመተው ለማሽኑ ለምን አንሰጠውም?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2007 ቴጁን ሂዮ የተባለው ሰው ሥራ በሊኑክስ ውስጥ ገብቷል፤ በእርሱ የተወሰደ ሜሞሪ ድራይቨሩ ከካርዱ ሲለያይ ከርነሉ ራሱ ይለቀዋል። እጅግ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የእኛን ችግር አስቡት። ሜሞሪው የሚወሰደው ካርዱ ሲከፈት ነው፤ ካርዱ ደግሞ ድራይቨሩ ሳይለያይ ሺህ ጊዜ ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል። በዚህ መንገድ ብንወስደው እስከ መለያየት ድረስ ይከማቻል፤ ፍሳሹ እንዳለ ነው። የሊኑክስ የኔትወርክ ክፍል ጠባቂዎችም በመመሪያቸው፣ እንዲህ ያለው ራሱን የሚያጸዳ መንገድ ተቀባይነት ያለው እንጂ የሚመረጥ እንዳልሆነ ጽፈዋል። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ደግሞ ራስት የሚባለው ቋንቋ ወደ ሊኑክስ ገብቷል። በዚህ ቋንቋ የእያንዳንዱን ዕቃ ባለቤት ኮምፓይለሩ ይከታተላል፤ ሁለት ጊዜ መልቀቅንም ይከለክላል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ካርዱ ለኮምፓይለር አይታዘዝም፤ ካርዱ መቼ እንደ ቆመ የሚያውቀውና የሚጽፈው አሁንም ሰው ነው። ስለዚህ ማሽኑ ርክክቡን ሊጠብቅልን ይችላል፤ ርክክቡን ግን ሊወስንልን አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በበኩሌ የያዝኳቸው ሦስት ደንቦች አሉ።

አንደኛ፤ በየሥራው ክፍል ራስ ላይ በተራ አማርኛም ቢሆን ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ምን ወሰደ፣ ለማን አስረከበ፣ ቢከሽፍ ማን ይለቅቃል።

ሁለተኛ፤ የከሸፈ ክፍል ከመመለሱ በፊት ራሱ የወሰደውን ራሱ ይልቀቅ፤ የወሰደውንም በተቃራኒው ተራ፣ ኋላ የወሰደውን ፊት እየለቀቀ ይመልስ። በሊኑክስ የመክፈቻው ክፍል ከከሸፈ የመዝጊያው ክፍል አይጠራም፤ ስለዚህ «መዝጊያው ያጸዳልኛል» ብሎ መሄድ አይቻልም።

ሦስተኛ፤ መሣሪያ ሳይቆም ሜሞሪው አይለቀቅ።

እነዚህን የሚመረምሩ መሣሪያዎች ከከርነሉ ጋር ይገኛሉ። የሚፈስሰውን ሜሞሪ የሚፈልገው ኬሜምሊክና የዲ.ኤም.ኤ. ርክክብን የሚመረምረው ክፍል ከ2009 ጀምሮ፣ ከተለቀቀ በኋላ የተነካን ሜሞሪ የሚይዘው ካሳን ከ2015 ጀምሮ አሉ። እንዲሠሩ ግን ማብራት ያስፈልጋል። እኛ አላበራናቸውም ነበር።

ለክቡራን መምህራኖቻችንም አንዲት ልመና አለችኝ። የእኛ ድራይቨር በተፈተነበት ቀን ፓኬት ላከ፤ ፓኬትም ተቀበለ፤ ጥሩ ማርክም አገኘን። ማንም «ዝጉትና እንደገና ክፈቱት» አላለንም፤ «መንገዱ በመካከል ቢከሽፍ ምን ይሆናል» ብሎም የጠየቀን አልነበረም። ጥፋቱን በመምህራን ላይ ለመጣል አይደለም። ነገር ግን ተማሪ የሚዘጋጀው ለሚጠየቀው ነውና፣ ሥራ ሲሳካ ብቻ ሳይሆን ሲከሽፍም እንዴት እንደሚያጸዳ ብትጠይቁን፣ ነገ በሆስፒታልም በባንክም በቴሌም ለምንጽፈው ሶፍትዌር ይጠቅማል።

በመጨረሻ፣ ያ የ11 ሰዓት ሥራ የጠፋው በማን ጥፋት ነው? እኔና ጓደኛዬ ለአንድ ሳምንት ያህል ተከራከርን። እርሱ የእኔን መስመር ያሳየኛል፤ እኔ የእርሱን መስመር አሳየዋለሁ፤ ሁለቱም መስመሮች ለየብቻቸው ትክክል ነበሩ። በመጨረሻ የተረዳነው ጥፋቱ በየትኛውም መስመር ላይ እንዳልነበረ ነው። ጥፋቱ ሥራ በተካፈልንበት ቀን ሳንነጋገር በተውነው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር አሁን ጽፈነዋል፤ በመዝጊያው ክፍል ራስ ላይ «ይህን ሜሞሪ የሚለቀው ይህ ክፍል ብቻ ነው» ይላል። የእርሱ መልቀቂያ ተሰርዟል። እኅታችንም ስሌቷን እንደገና እስክትጨርስ ድረስ ሁለት ሌሊት ያንን ኮምፒዩተር ማንም እንዳይነካው ተራ ገብተን ጠበቅንላት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች፤ በእናንተ ፊት እንደገና ይቅርታ እጠይቃታለሁ።